«3 ቀን፣ 2 ሌሊት» ስንት ሰዓት ነው? ለአጭር የውጭ ከተማ ጉዞ እንዴት እንዘጋጅ

ማስታወቂያው «3 ቀን፣ 2 ሌሊት» ይላል። ዋጋው ደስ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል። እስኪ ወረቀት አውጥተን እናስላው። አውሮፕላኑ አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ያርፋል። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ታክሲ እያለ ሆቴል ሲደረስ 6 ሰዓት ሆኗል። አርብ አለቀ። የእሁዱ መመለሻ ደግሞ ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆቴል መውጣት አለ። እሁድም ቁርስ ቀማምሳችሁ ሻንጣ ስትዘጉ አለቀች። የቀረችው ቅዳሜ ብቻ ናት። የ3 ቀን ተብሎ የተሸጠላችሁ አንድ ቀን ነው ማለት ነው።

እኔም አንዴ እንዲህ ተሸውጃለሁ። ደግሞ ማንም አልዋሸኝም፤ ሰዓቱ ትኬቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ያላሰላሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አጭር ጉዞ ሳስብ ቀን መቁጠር ትቻለሁ። የምቆጥረው ነቅቼ፣ ሻንጣ ሳልጎትት፣ ከተማው ውስጥ የምቆይበትን ሰዓት ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከምታርፉበት ሰዓት ላይ 2 ሰዓት ጨምሩ፤ ከተማው ለእናንተ የሚከፈተው ያኔ ነው። ከመመለሻው በረራ ላይ 4 ሰዓት ቀንሱ፤ የሚዘጋው ያኔ ነው። ከመሃል እንቅልፉን አውጡ። የተረፈው የእናንተ ነው።

በዚህ ስሌት የቅድሙ ጉዞ 13 ሰዓት ገደማ ይወጣዋል። አሁን ሌላ ትኬት እንይ። አርብ ጠዋት 3 ሰዓት ያርፋል፣ እሁድ ማታ 3 ሰዓት ይነሳል። አርብ ከ5 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 4 ሰዓት 11 ሰዓት አላችሁ፤ ቅዳሜ 13፣ እሁድ ደግሞ እስከ 11 ሰዓት ድረስ 8። ድምሩ 32። ያው ሁለት ሌሊት ነው፣ የሆቴሉም ሂሳብ ያው ነው። ይሄኛው ትኬት በ60 ዶላር ቢወደድ እንኳ ተጨማሪዎቹን 19 ሰዓቶች በሰዓት 3 ዶላር ገደማ ገዛችኋቸው ማለት ነው። እኔ አልከራከርም፣ እገዛለሁ። ርካሹ ትኬት ውድ የሚሆነው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ሰዓት ላይ ሳለን፣ የትኬት ሰዓት አነባበብ ብዙ ሰው ያስታል። 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ይሄ ግልጽ ነው። አደገኛው ከ00 የሚጀምረው ነው። ትኬቱ «ሐሙስ 00:40» ካለ፣ ረቡዕ ማታ እራታችሁን በልታችሁ የምትሄዱበት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ የሚነሳ በረራ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ ኤርፖርት የደረሰ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ሆቴል ስትይዙም እንደዚሁ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የምትደርሱ ከሆነ የምትይዙት ከዚያ በፊት ያለውን ቀን ሌሊት ነው፣ አለበለዚያ አልጋው የሚለቀቅላችሁ ከሰዓት በኋላ ነው።

የመዳረሻው ምርጫም ከዚሁ ቁጥር ይወጣል። ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ፣ ከቤታችሁ በር እስከ ሆቴሉ በር ከ6 ሰዓት በላይ የሚወስድ ከተማ እኔ አልመርጥም። ትራንዚት ያለበትንም እንደዚሁ። የመጀመሪያው በረራ ትንሽ ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጣል፤ ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ቢያጣ ይረሳዋል፣ እናንተ ግን የጉዞውን ሩብ አጣችሁ። የሰዓት ልዩነቱም ይታሰብ። 7 እና 8 ሰዓት የሚለይ አገር ሄዶ ለሁለት ቀን መቆየት በየካፌው እያንጎላጁ መዞር ነው።

ኤርፖርቱ በእርግጥ ከተማው ውስጥ ነው?

ትኬት ፍለጋ ላይ የከተማውን ስም ስትጽፉ የሚመጣው ኤርፖርት ሁሉ ከተማው አጠገብ እንዳይመስላችሁ። «ፓሪስ ቦቬ» የሚባለው ከፓሪስ መሃል 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አውቶብሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። «ፍራንክፈርት ሃን» ደግሞ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስሙ ነው እንጂ ሌላ ቦታ ነው። በለንደን ስም የሚጠሩ 6 ኤርፖርቶች አሉ። ቶኪዮ ሁለት አላት፤ ሃኔዳ ለመሃል ከተማው ቅርብ ነው፣ ናሪታ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ይላል። ኢስታንቡልም ሁለት አላት፣ አንዱ በአውሮፓ በኩል ሌላው በእስያ በኩል። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ትራፊኩን አስቡት።

ስለዚህ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ካርታ ክፈቱና ከዚያ ኤርፖርት ወደምታድሩበት ሰፈር ያለውን መንገድ እዩ። የምታዩት በምትደርሱበት ሰዓት ነው፤ ይቺ ነገር ወሳኝ ናት። ቀን ላይ በየ15 ደቂቃው የሚሄደው ባቡር ሌሊት ላይኖር ይችላል። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ እወቁ። አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ቢዘገይ ይደረስበታል? ካልተደረሰበት ታክሲው ስንት ነው? ርካሹ ትኬት ላይ ያተረፋችሁትን አንድ የሌሊት ታክሲ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።

ወረቀቱ

ስለ ቪዛ አጭር ነገር ብቻ ልበል፤ እንደያዛችሁት ፓስፖርት ስለሚለያይ መጨረሻ ላይ የኤምባሲውን ገጽ ማየታችሁ አይቀርም። አንድ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል፦ ፓስፖርታችሁን አሁኑኑ አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከእነሱ ከወጣችሁበት ቀን በኋላ 3 ወር እንዲቀረውና ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላው እንዲሆን ይጠይቃሉ። «ገና አላበቃም» የሚለው መልስ ቼክ ኢን ጠረጴዛ ላይ አይሠራም።

የሼንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። 15 ቀን ግን በጠባብ ገመድ ላይ መሄድ ነው፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል፣ ቀጠሮ ማግኘትም ራሱ ሌላ ወረፋ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የማመልከቻው ክፍያ፣ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ስለዚህ ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ፤ ሆቴሉንም በነጻ የሚሰረዝ አድርጉት።

ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንዱ ትራንዚት ነው። ከኤርፖርቱ ባትወጡም ለማለፍ ብቻ ቪዛ የሚጠየቁ ፓስፖርቶች አሉ፤ ርካሽ ያላችሁት ትኬት በየት በኩል እንደሚያልፍ እዩ። ሌላው «አንድ ጊዜ መግቢያ» የሚለው ቪዛ ነው። ፓሪስ ገብታችሁ ለአንድ ቀን ለንደን ደርሰን እንመለስ ካላችሁ፣ እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ ስላልሆነች መመለሻው በር ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። (ለንደን ለመግባትም ሌላ ቪዛ ወይም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሳይረሳ።) አንዳንድ አገሮች ደግሞ እንደ መነሻችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ትኬቱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው በፊደል ሳይቀር ይመሳሰል። አንድ ፊደል ሲዛነፍ አንዳንዱ አየር መንገድ በነጻ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል፤ ቼክ ኢን ጠረጴዛው ፊት ቆሞ ከመጨቃጨቅ ግን ቀደም ብሎ መደወል ይሻላል።

የት እንደር?

እዚህ ላይ ስስት አያዋጣም። ለአሥር ቀን የምትሄዱ ከሆነ ከመሃል ከተማ 40 ደቂቃ ርቆ ርካሽ ቦታ ማደር ያስኬዳል። ለ32 ሰዓት ከሆነ ግን አስቡት፦ በቀን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ብትሉ፣ 40 ደቂቃዋ በቀን ወደ 3 ሰዓት ትጠጋለች። ያውም ከሰዓት በኋላ እግራችሁ ሲዝል ሆቴል ገብታችሁ ጫማ አውልቃችሁ ለግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት አትችሉም። ይቺ ጋደም ማለት ለአጭር ጉዞ ትልቅ ነገር ናት። ማታውን የምታድነው እሷ ናት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ማየት የምፈልጋቸውን አምስት ስድስት ቦታዎች ካርታው ላይ በኮከብ ምልክት አደርጋለሁ። ኮከቦቹ የሚሰባሰቡበት ሰፈር አለ፤ ሁልጊዜ አለ። ሆቴል የምፈልገው እዚያ ሰፈር ውስጥ፣ ወይም ከዚያ ሰፈር በአንድ ቀጥተኛ የሜትሮ መስመር ላይ ነው። ባቡር መቀየር ያለበት ከሆነ እዘለዋለሁ። ከዚያ የሆቴሉን ኮከብና የመዋኛ ገንዳ ፎቶ ትቼ የእንግዶችን አስተያየት አነባለሁ፤ ያውም ከመካከለኛዎቹ፣ 6 እና 7 ከሰጡት። 10 የሰጠው ተደስቷል፣ 2 የሰጠው ተናዷል። 7 የሰጠው ነው «ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ሊፍት ግን የለም» የሚላችሁ።

ሊፍት ስል አስታወሰኝ። አንድ ጊዜ አራተኛ ፎቅ፣ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ትልቅ ሻንጣ። መብራቱ በየሠላሳ ሰከንዱ በራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር፣ ታች ላይ፣ በትንሹ። አንዳንዱ ከተማ ደግሞ መንገዱ ራሱ ደረጃ ነው። ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም፣ ድልድዮቹ አብዛኞቹ ደረጃ አላቸው፣ ሻንጣውን በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ ማንሳት ነው። ሊዝበን በኮረብታ ላይ ናት፣ የእግረኛ መንገዱም ትንንሽ የተነጠፈ ድንጋይ ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ እዚያ ላይ ሲሄድ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ክፍል የሚሰጠው ብዙ ቦታ ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው፣ የሚለቀቀው ደግሞ ረፋድ ላይ 4 ወይም 5 ሰዓት። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት «ጠዋት ስደርስ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከወጣሁ በኋላ ሻንጣ ታስቀምጡልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሪሴፕሽን ያለው ሆቴል አብዛኛውን ጊዜ በነጻ እሺ ይላል። ቁልፉ በር ላይ በኮድ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥበት የኪራይ አፓርታማ ግን ማን ይቀበላችሁ? ለአጭር ጉዞ ከአፓርታማ ይልቅ ተራ ሆቴል የምመርጠው ለዚህ ነው። የቱሪስት ታክስም አለ፤ አንዳንድ ከተማ በአዳር ትንሽ ሂሳብ ነው፣ አምስተርዳም ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የክፍሉን ዋጋ 12.5 በመቶ ያስከፍላሉ። መጀመሪያ የምታዩት ዋጋ ላይ ላይካተት ይችላል።

በቀን አንድ ትልቅ ነገር፣ ከዚያ በላይ ወፍ የለም

ፕሮግራም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ ነው። በወረቀት ላይ ጠዋት ሙዚየም፣ ቀጥሎ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ማማ ላይ ወጥቶ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት ይቻላል። በእግር ግን አይቻልም። ወረፋ አለ፣ መጸዳጃ ፍለጋ አለ፣ መንገድ መሳት አለ፣ «እዚህ ጋ ፎቶ አንሺኝ» አለ። የእኔ ደንብ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰዓት ተቆርጦለት፣ ትኬቱ ቀድሞ ተገዝቶ። የቀረው በዚያ ትልቅ ነገር ዙሪያ በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ካልተሳካም የማያስቆጭ። የምትደርሱበት ቀን ላይ ግን ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት አትግዙ። አውሮፕላኑ የእናንተን ትኬት አያውቅም።

የትልቁን ነገር ቀን ለመምረጥ መጀመሪያ የሚዘጋበትን ቀን እወቁ። ፓሪስ ውስጥ ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሰኞ። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በስተቀር እሁድ እሁድ ይዘጋሉ። የኢስታንቡሉ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ እዚያው ያለው ግራንድ ባዛር እሁድ፣ ታጅ ማሃል አርብ። ጀርመን ውስጥ እሁድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ ለእሁድ ከሰዓት ያሰባችሁት ግዢ ቅዳሜ ይሁን። ለንደን በገና ቀን፣ ዲሴምበር 25፣ ባቡሩም አውቶብሱም አይሠራም። እኔ ከአንድ ሙዚየም የተዘጋ በር ፊት ቆሜ፣ ብረቱን በእጄ ነቅነቅ አድርጌ አውቃለሁ። ነቅነቅ ሳደርገው ይከፈት ይመስል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሥራ ሰዓት ቤቴ ሆኜ በሁለት ደቂቃ ላነበው እችል ነበር።

ቀጥሎ ትኬቱ። በር ላይ ሄዶ መግዛት የቀረባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። አምስተርዳም ያለው የአን ፍራንክ ቤት ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ሳምንት ይለቀቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ሚላን ያለውን የሊዮናርዶን የመጨረሻው እራት ለማየት በቡድን እያስገቡ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ ያለ ቀጠሮ መሄድ ግድግዳውን በውጭ አይቶ መመለስ ነው። ሮም ያለው ቦርጌዜ ጋለሪም በቀጠሮ ነው፣ ለሁለት ሰዓት። ግራናዳ ያለው አልሃምብራ ትኬቱ በስም ነው፣ የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ ሰዓቱም የተቆረጠ ነው፤ ፓስፖርት ይያዝ። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እንግዲህ። ብዙ ሰው በረራ ይገዛል፣ ሆቴል ይይዛል፣ በመጨረሻ ትኬት ሲፈልግ አልቋል። ለአንድ ነገር ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ የዚያን ነገር ትኬት መኖሩን መጀመሪያ እዩ፣ በረራው ይከተላል።

ትኬት ስትገዙ ራሱ ሙዚየሙ በሚሸጥበት ገጽ ግዙ። ፍለጋ ላይ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ አሻሻጮች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት አንድ ተኩል እጥፍ ይሸጡላችኋል። የ«ከተማ ካርድ» የሚባለውም ማሳሰቢያ ይፈልጋል። 20 ሙዚየም በነጻ ይላል፣ እናንተ የምትገቡት ሁለት ነው። የሁለቱን ዋጋ ደምሩና ከካርዱ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ለአጭር ጉዞ ሲያዋጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የትራንስፖርት ካርድ ላይ ደግሞ «24 ሰዓት» እና «1 ቀን» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው አርብ 9 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ቅዳሜ 9 ሰዓት ድረስ ይሠራል፣ ሁለተኛው አርብ ሌሊት ሊያበቃ ይችላል። እንደ ለንደን ያለ ከተማ ደግሞ የባንክ ካርዳችሁን ማስነካት ይበቃል፤ በቀን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ አይቆርጥም። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አይሆንም ግን፣ ለየብቻ ነው።

ገንዘብ፣ ስልክ፣ ሻንጣ

ኤቲኤም ላይ ገንዘብ ስታወጡ ወይም ሱቅ ውስጥ ካርድ ስትሰጡ ማሽኑ አንድ ጥያቄ ያመጣል። በአገሩ ገንዘብ ይቆረጥ ወይስ ካርዳችሁ በሚሠራበት ገንዘብ? ሁለተኛው ያጓጓል፣ የምታውቁትን ገንዘብ ስለሚያሳያችሁ። እምቢ በሉ። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ፤ ምክንያቱም ሌላኛውን ስትነኩ ምንዛሬውን የሚያወጣው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ለራሱ የሚያተርፈውን ጨምሮበት። አንዳንዱ ማሽን እምቢ የሚለውን ቁልፍ በማይታይ ግራጫ ቀለም ያስቀምጠዋል፣ እሺ የሚለውን በአረንጓዴ። አትቸኩሉ፣ አንብቡት። ካርዱ ውጭ አገር እንዲሠራ ለባንካችሁ አስቀድማችሁ አስከፍቱ። ሁለት ካርድ ካላችሁ በአንድ ቦርሳ አታስቀምጡ። ጥሬ ገንዘብ ለመጀመሪያዋ ማታ የሚበቃ ትንሽ ነገር፣ በቃ።

ኢሲም (ያለ ካርድ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) የሚቀበል ስልክ ካላችሁ ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ ጫኑት፤ እዚያ ስታርፉ ማብራት ብቻ ነው። ካልሆነ የአገሩን ሲም ግዙ፣ ሮሚንጉን (የቤታችሁን ሲም ውጭ አገር የሚያሠራውን) ግን አጥፉ። ከመሄዳችሁ በፊት የከተማውን ካርታ ኦፍላይን አውርዱ። ቻይና ለምትሄዱ፣ ጎግል እዚያ አይሠራም፣ ሌላ ካርታ ይዘጋጅ። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በአገሩ ፊደል ጽፎ ስክሪንሾት ማድረግ ደግሞ ወርቅ ነው፤ ቤጂንግ ወይም ቶኪዮ ውስጥ ለታክሲ ሹፌር በላቲን ፊደል ከማሳየት ይሄ ይቀላል። ትኬቱን፣ ቦርዲንግ ፓሱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የፓስፖርቱን ፎቶ ሁሉ እንዲሁ ስልኩ ውስጥ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት የሚጠፋው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ሻንጣ አንድ ይሁን፣ በእጅ የሚገባ። ሻንጣ አስገብቶ መቀበያው ላይ መጠበቅ ከ32 ሰዓቷ ላይ አርባ ደቂቃ መቀነስ ነው፤ ቢጠፋ ደግሞ የሚደርሳችሁ ልትመለሱ ስትሉ ነው። ልኩን ግን የአየር መንገዱ ገጽ ላይ እዩ። ርካሾቹ በነጻ የሚፈቅዱት መቀመጫ ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በር ላይ የሚቀጡት ደግሞ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ፈሳሽ በአብዛኛው ኤርፖርት በ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሊትር በምትይዝ የምታሳይ ላስቲክ። የሚታየው የዕቃው ልክ ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ሎሽን ብትቀር እንኳ ይወሰዳል። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነም ፈቃድ ይጠይቃል። የተለመደው 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ አትጨነቁ።

ቻርጀራችሁን ገልብጡና በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ የትም ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት ማቀያየሪያ ብቻ ነው። የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ግን ብዙዎቹ ለአንድ ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ጃፓን 100፣ አሜሪካ 120፣ አውሮፓ 230 ነው። እነሱን ቤት ተዉአቸው። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በራሱ ካርቶን ከማዘዣው ጋር ያዙ። እናንተ ጋ ተራ ማስታገሻ የሆነው ሌላ ቦታ ቁጥጥር ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ኮዴይን ያለበት መድኃኒት በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር አለበት። ጫማ አዲስ አይሁን። ስለ ጫማ ሌላ የምለው የለኝም፤ ተረከዙ የተላጠ ሰው ይነግራችኋል።

የመጨረሻዋ ቀን

የመጨረሻዋን ቀን ከሰዓቱ ወደ ኋላ ነው የምሠራት። በረራው ማታ 3 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት ላይ ኤርፖርት፣ 11 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ጋ ሻንጣ መቀበል። ስለዚህ ከ8 ሰዓት በኋላ ከሆቴሉ በእግር የሚደረስ ነገር ብቻ። ወንዝ ዳር፣ መናፈሻ፣ አንድ ካፌ። ከከተማ ወጣ ያለውን ቦታ ለዚህ ቀን አታስቀምጡ።

ጠዋት ከሆቴል ከመውጣታችሁ በፊት ቼክ ኢኑን በስልክ ጨርሱ፣ በረራው በሰዓቱ መሆኑንም እዩ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከሆነና በአየር መንገዱ ጥፋት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ካደረሳችሁ፣ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የአየር ጠባይ ከሆነ ምክንያቱ ግን ካሳው የለም። መነሻው በ5 ሰዓት ከዘገየ ደግሞ ጉዞውን ትቶ የትኬቱን ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ይቺ ለሁለት ሌሊት ተጓዥ ትጠቅማለች። ከቤት ስትነሱ እንዲህ ከሆነባችሁና ይሄ ደንብ በረራችሁን የሚነካ ከሆነ፣ እስከ ማታ ተቀምጣችሁ አንድ ቀን ብቻ ለቀረው ጉዞ ከመሄድ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሌላ ሳምንት መሄድ ይሻላል። ለዚህም ነው ሆቴሉ በነጻ የሚሰረዝ ይሁን ያልኩት።

ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን የባቡር ትኬት ቀድማችሁ ግዙ፣ ወይም ሂሳቡን በአገሩ ገንዘብ ለይታችሁ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ክፍሉን ስትለቁ ደግሞ ሶኬቶቹን ሁሉ እዩ፣ አልጋው ኋላ ያለውንም። የእኔ ሁለት ቻርጀሮች እስካሁን እዚያ ናቸው።